ልሂድ ወይስ ልቅር? የወሎ መንገደኞች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን «ለመሄድ እያሰባችሁ የፈራችሁት ጉዞ ካለ ጻፉልን» ብለን ነበር። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከባሕር ማዶም ጭምር ደብዳቤ ደርሶናል፤ አምስቱን መርጠናል። መልሱን ያዘጋጁት አንድ የጤና ባለሙያና አንድ የአሽከርካሪዎች አሠልጣኝ ናቸው። ሁለቱም አስቀድመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚፈራውና ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። መንገደኛ ሌባ ይፈራል፣ ጅብ ይፈራል፣ የማያውቀው ቤት ምግብ ይፈራል። የሚጎዳው ግን ከሁሉ በፊት የተሳፈረበት መኪና ነው፤ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ትንኝ። የመጀመሪያው መልስ የረዘመው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ናቸው። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ የሌሊት ሚኒባስ ከያዝኩ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ቡና እጠጣለሁ። የጧት አውቶቡስ ከጠበቅሁ ቅዳሜ መንገድ ላይ ያልቅብኛል። እናቴ «ሌሊት ከምትመጣ ጭራሽ ቅር» ትለኛለች። እውነት ልዩነቱ ይህን ያህል ነው ወይስ የእናት ሆድ ሆኖባት ነው? (የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እናትህ ልክ ናቸው። ለምን ልክ እንደሆኑ ማወቅህ ግን ለቀኑም ጉዞ ይጠቅምሃል፤ መንገዱ ያው ነውና።

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ስጋት የሚጀምረው ጣርማ በር ላይ ነው። ዋሻው ያለበት ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወርደው ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ነው። ፍሬን መኪናን የሚይዘው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ ከወረደ ሙቀቱ የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም፤ ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይታዘዝም። «ፍሬን በጠሰ» ሲባል የምትሰማው ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮ ሳይሆን ፍሬኑ ከልክ በላይ ግሎ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዳገቱን የወጡበትን ማርሽ ይዞ ቁልቁለቱን መውረድ። ያኔ የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጠንከር ተደርጎ ነው። ተሳፋሪ ሆነህም ታውቀዋለህ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ እየጎተተ ከሆነ ሹፌሩ በማርሽ ነው የሚወርደው። ሞተሩ ጸጥ ካለና መኪናው እየተንሳፈፈ የሚሄድ ከመሰለህ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ደግሞ ጊዜ የለም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማብረድ አለበት። የጋለ ጎማ ላይ ውሃ መድፋት መፍትሔ አይደለም፤ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከኮምቦልቻ ደሴ በምትወጣበትና በምትወርድበት በሐረጎም የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው፤ መንገዱ ቢያጥርም ጥምዝምዙ የበዛ ነው።

አሁን ሌሊቱን ጨምርበት። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አለፈ፤ ከዚያ መኪናው እስኪቆም ሌላ 40 ሜትር ያህል ይሄዳል። በድምሩ ከ70 ሜትር በላይ ነው። አጭሩ መብራት ደህና አድርጎ የሚያሳየው ግን 50 ሜትር ያህል ነው። በዚህ መካከል ያለው ርቀት ሹፌሩ የማያየውን እየነዳ መሆኑን ይናገራል። በከሚሴና በጨፋ ሜዳ ከብትና ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፤ ሌሊት አስፋልቱ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ይመቸዋል። የተበላሸ የጭነት መኪና ያለ አንጸባራቂ፣ ከኋላው ሦስት ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት ይቆማል። ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ የሰው ሰውነት ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ጫት እንቅልፉን ለጥቂት ሰዓት ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም፤ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ነው። የሌሊት ሹፌር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ደርሶ የተመለሰ ነው።

እንግዲህ ከቅዳሜው ላይ የምታተርፈው ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የምታስይዘው ይህን ሁሉ ነው። ምክራችን ዓርብ ማታ ጓዝህን ሸክፈህ ተኛ፤ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሚነሣው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሂድ። ከቀትር በኋላ ትደርሳለህ፤ ቡናውም አቦሉ ቢያልፍህ ቶናው ይጠብቅሃል። በወር ሁለት ጊዜ ከመሮጥ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ሰኞን አስፈቅዶ መሄድም አለ። ሲቸኩል ደግሞ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ።

ስትሳፈር የምታያቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። የፊት ጎማዎቹን እያቸው፤ ጥርሱ ካለቀ፣ ጎኑ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ሌላ መኪና ጠብቅ። ፖርቶመጋላው ላይ የተጫነውን ተመልከት፤ ሲሚንቶና እህል ላይ ከተቆለለ መኪናው ኩርባ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሹፌሩን ራሱን፣ ረዳቱን ሳይሆን፣ «ወንድሜ፣ መቼ ገባህ?» ብለህ ጠይቀው። «ማታ» ካለህ ደህና፤ «አሁን ከደሴ ደርሼ» ካለህ አትሳፈር። አውቶቡስ ላይ መካከለኞቹን ወንበሮች ምረጥ፤ የፊትና የመጨረሻው ረድፍ ግጭት ቀድሞ የሚያገኛቸው ናቸው። ሚኒባስ ላይ ጋቢና የምትቀመጥ ከሆነ ቀበቶው የሚሠራ መሆኑን ስበህ እይ። መተላለፊያው ላይ በርጩማ ተቀምጦ የሚጫን ትርፍ ሰው ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው፤ ወደ በሩ መውጫ የለም ማለት ነው።

ሹፌሩ ከፈጠነ ብቻህን አትጩህ። አንድ ሰው ሲናገር ፈሪ ይባላል፤ ሦስት ሰዎች «አረጋግተህ ንዳልን፣ ቤተሰብ አለን» ሲሉ ይሰማል። ከጎንህና ከኋላህ ያሉትን አስቀድመህ አነጋግር፤ ከተቻለ አንድ ሽማግሌ ይጀምሩት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ነው። ስድስትና ዘጠኝ ዓመት የሆኑ ልጆች አሉን። የላሊበላን ገና እንዲያዩ፣ ከዚያም ወልድያ ያሉትን አያታቸውን እንዲስሙ እንፈልጋለን። አያታቸው ልጆቹን በስልክ እንጂ በአካል አይተዋቸው አያውቁም። የምንኖርበት አገር መንግሥት ወደ አማራ ክልል አትሂዱ ይላል፤ ዘመድ ደግሞ «እኛ እየኖርን አይደል ወይ፣ ኑ» ይላል። ማንን እንመን? (ባልና ሚስት)

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ይላሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። ዘመዶቻችሁ የሚኖሩት ቤታቸው ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀመጣሉ። እናንተ ግን የመመለሻ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድና ሁለት ሕፃናት ይዛችሁ መንገድ ላይ ናችሁ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ቢቆምም፣ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ስለዚህ «ወሎ ሰላም ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያለው «ይህ መንገድ በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ሰዓት?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ ጉዞውን ለሁለት ክፈሉት። ላሊበላ በአውሮፕላን ይደረሳል፤ በመኪና የሚቀረው ከማረፊያው እስከ ከተማው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላሊበላ ወልድያ ግን በጋሸናና በድልብ ቁልቁለት የሚወርድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ተቻለ ማለት ሁለተኛው ተቻለ ማለት አይደለም። ሁለተኛውን ለመወሰን ወልድያ ያለ ዘመድ ብቻ አትጠይቁ፤ ናፍቆት መንገዱን ያሳጥርበታል። በዚያው ጧት ከጋሸና የገባ ሹፌርና መካከል ላይ የሚኖር ሌላ ሰው፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ተመሳሳይ ነገር ካሉ ሂዱ። የጭነት መኪኖች መናኸሪያ አካባቢ ተደርድረው ካደሩ፣ ገበያተኛ በገበያ ቀን ካልወጣ፣ እናንተም አትውጡ። ከተማ ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ግቡ። ኬላ ላይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣት፣ ወታደርና ድልድይ መቅረጽ ፈጽሞ አይሁን፤ ይህን ለልጆቹም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ ዋናው ከእናንተ ጋር፣ ቅጂው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ተስፋ የምትቆርጡበትን ነጥብም ቤት ሆናችሁ ወስኑ። «ከገና ማግስት መንገዱ ካልተከፈተ በአውሮፕላን እንመለሳለን» ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ አያት እያለቀሱ በስልክ ሲለምኑ ውሳኔው አይናወጥም። ከዓለም አቀፍ በረራችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ትርፍ ቀን ይኑራችሁ። ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ኤቲኤምም አብረው ይጠፋሉ።

የጉዞ መድን ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የምትኖሩበት መንግሥት «አትሂዱ» ያለበት ቦታ ላይ ለደረሰ ጉዳት ብዙዎቹ መድኖች አይከፍሉም። ሕመምተኛ በአውሮፕላን ማጓጓዝ የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ «አይሸፍንም» ከሆነ፣ በእኛ ግምት ሁለት ሕፃናት ይዞ ወልድያ ድረስ መሄዱ ይቅር፤ ላሊበላን እንኳ ሌላ ዓመት ማድረግ ነውር የለበትም። ለአያትም ለልጆቹም ሌላ መንገድ አለ፤ ጤናቸው ከፈቀደ እሳቸው አዲስ አበባ መጥተው ይገናኙ።

የጤናው ጉዳይ ከፖለቲካው ይልቅ በእጃችሁ ነው። ከመነሣታችሁ ስድስት ሳምንት በፊት የጉዞ ክሊኒክ ሂዱ፤ የኩፍኝ፣ የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ይታይ። «እኛ እዚያው ነው ያደግነው፣ ወባ አይነካንም» የሚለው ስሕተት ነው። ያ መከላከያ ከአገር ከወጡ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ላሊበላ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወባ አያሰጋትም፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ወይም ወደ መርሳ ከወረዳችሁ ግን ቆላ ነው። መከላከያ ኪኒኑን ሐኪሙ ይዘዝ፤ ክሎሮኪን ብቻውን አይበቃም። ልጆቹን ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በወራት ውስጥም ቢሆን፣ ቢያተኩሳቸው በዚያው ቀን «ኢትዮጵያ ነበርን» ብላችሁ ደም አስመርምሩ። አሜሪካ ያለ ሐኪም ወባን በመጀመሪያ አያስብም።

ውሻ። ልጅ ቡችላ ያያል፣ ይዳብሳል፣ ሲነከስም ይደብቃል። እንዳይነኩ ንገሯቸው፤ ከነከሰም ሆነ ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ለክትባት መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ የሚታለፍ የለም።

መኪና ስትከራዩ የኋላ ወንበር ቀበቶ ያለው መሆኑን ሳታዩ አትስማሙ። የስድስት ዓመቱን ልጅ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ወንበር ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ ለማግኘት አትመኑ።

ስለ በዓሉ። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዘመናት ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ እናንተ በምትጠቀሙበት አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ዋዜማውን ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ነው፤ ብርዱ ስለሚከብድ ለልጅም ጋቢ ያስፈልጋል። ጧት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይ በዓለቱ ጠርዝና ከታች በግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ሕዝቡ ወደ ጠርዙ ይገፋል። ጠርዙ አጥር የለውም፤ ከታች ያለው ድንጋይ ነው። ከልጅ ጋር ቦታችሁ ከጠርዙ አሥር እርምጃ ራቅ ያለ ይሁን፤ ዜማው እዚያም ይደርሳል። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በበዓሉ ቀን ለማሳየት አትሩጡ፤ ጨለማውን ዋሻና ጠባቡን መተላለፊያ ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ በእርጋታ ታሳዩአቸዋላችሁ። ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። ለግሸን ማርያም የቆየ ስእለት አለባቸውና ዘንድሮ መስከረም 21 ካልሄድኩ ብለው ቆርጠዋል። ወንድሞቼ «መንገድ ላይ ትቀርብናለች» ብለው ይከለክላሉ። እኔ መካከል ገባሁ። (መምህርት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንዲህ ያለውን ጉዞ መከልከል ቀላል ነው፤ ስእለቱን ሳያደርሱ የመቅረቱ ጭንቀት ግን በዚያ ዕድሜ እሱም ሸክም ነው። ወንድሞችሽ የሚያዩት ዳገቱን ብቻ ነው። እኛ የምንለው ግሸን ይሂዱ፤ ቀኑ ግን ይለወጥ።

መስከረም 21 ግማደ መስቀሉ የሚታሰብበት ታላቁ ንግሥ ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ አምባውን ይሞላዋል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ያዳልጣል። ወደ አምባው የሚያስገባው ጠባብ ነው፤ ሰው ለሰዓታት ተገፋፍቶ ይቆማል። ሽንት ቤትና ንጹሕ ውሃ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም፤ አተት የሚነሣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ለ68 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ከባዱ ዳገቱ ሳይሆን ምግብ፣ ውሃና መድኃኒት ሳያገኙ ተጨናንቆ መቆሙ ነው። ጥር 21 ግን አስተርእዮ ማርያም ናት፤ የማርያም በዓል፣ በጋ፣ መሬቱ ደረቅ። በየወሩ 21ም አለ። እናትሽን ራስሽ አትከራከሪያቸው፤ የነፍስ አባታቸውን አናግሪያቸው። «ስእለቱ ለእመቤታችን ነው፣ ቀኑን እሷ ታውቃለች» የሚለው ቃል ከካህን ሲመጣ ይሰማል። ጾምና የስኳር መድኃኒትንም በዚያው አንሺላቸው፤ ሐኪማቸው ያዘዘውን ይዘው ይሂዱና ንስሐ አባታቸው ይወስኑ።

ቀኑ ከተለወጠ በኋላ የሚቀረው ዝግጅት ነው። ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ደሴ ውስጥ ዳገት ያለበት መንገድ ላይ አብረሻቸው ተራመጂ። ደረታቸውን ከያዛቸው ወይም ሲያወሩ ትንፋሽ ካጠራቸው ጉዞው ከሐኪም በፊት አይታሰብም። መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው ቀን በእጥፍ ይያዝ፤ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በአንቺ፣ ግማሹ በእሳቸው የእጅ ቦርሳ። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ሻንጣ ውስጥ ኢንሱሊን አይገባም፤ ፀሐይ ያበላሸዋል። እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በረዶ ግን አይንካው፣ የረጋ ኢንሱሊን አይሠራም።

ዳገት ሲወጡ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ነገር ከተምታታባቸው ወዲያው አስቀምጫቸውና ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሚ። ከተሻላቸው በኋላ ዳቦ ወይም ቆሎ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አታድርጊ፤ ትን ይላቸዋል። ስኳሩን በኪስሽ ያዢው፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ስኳር በዚያ ሰዓት አይደርስም።

እግራቸው። አዲስ ጫማ አይሁን፤ ወር የተራመዱበት ይሁን። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጫማ ሲያወልቁ ሁለት ካልሲ ደርበው ይግቡ፤ ስኳር የቆየበት እግር ድንጋይ ሲቆርጠው አይሰማውም። ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን የውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል አንቺ እዪላቸው፤ ትንሽ ቀይ ነገር ካለ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኝና ስትመለሱ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።

ለውሃው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ በነጠላ ይጠለል። ተቅማጥ ከያዛቸው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ካለቀባችሁ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር፤ ጨው መብዛት የለበትም። ለእሳቸው ይህ ስኳር ስላለበት መጠኑን እየለካችሁ፣ ግማሽ ቀን ካላቆመ ግን ሐኪም ዘንድ ነው። የሚያሸና የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በተለይ አትዘግዩ፤ ውሃ ሁለት ጊዜ ይወጣባቸዋል።

ጥያቄ፦ እኛ የደሴ ልጆች በእረፍት ቀን ሐይቅ ሄደን መዋኘት እንወዳለን። አንድ ጓደኛችን ቢልሃርዚያ አለበት ብሎ አስፈራን። እውነት ነው? (አራት ተማሪዎች)

መልስ፦ ቢልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ውሃው ዝግ ባለበት፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ፣ በመስኖ ቦይና በዝግታ በሚፈስ ወንዝ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ዙሪያ እስከ ሐርቡና ከሚሴ እንዲህ ያለ ውሃ ብዙ ነው። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው፤ ውሃውን ሳትጠጡም ይይዛል። ስትወጡ ወዲያው በፎጣ መፈግፈግ ጥቂት ይረዳል፤ አይተማመኑበትም። ዋኝታችሁ ከነበረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሰገራ አስመርምሩ፤ ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን የሚወሰድ ነው። ሳይታከም ዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል።

ሆኖም ወጣቶችን በሐይቅ ቶሎ የሚጎዳው ትል ሳይሆን መስጠም ነው። ዳርቻው በድንገት ይጠልቃል፤ ደንገሉ እግር ይይዛል። ዋና የማይችል ሰው ታንኳ ላይ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አይውጣ። ለማየት ከሆነ እስጢፋኖስ ገዳም አለላችሁ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ እህቶቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በር ላይ ደርሰው እንዳይከፉ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጓደኞቼ የባቲን የሰኞ ገበያ ፎቶ ማንሣት ይፈልጋሉ። ያስቸግራል ትላላችሁ? (ከባቲ)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ገበያው ለመምጣት የሚያስቆጭ አይደለም፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ግመልና ጨው፣ እህልና ቡና ይዞ የሚገናኝበት ነው፤ ከሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱም ስሙን የያዘው ከዚሁ ከተማ ነው። ካሜራውን ግን በመጀመሪያው ሰዓት አያውጡ። አንተ አስተዋውቃቸው፤ ጥቂት ዕቃ ይግዙ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ከዚያ «ላንሣ?» ብለው ይጠይቁ። ሴቶችን ያለ ፈቃድ ማንሣት ጠብ ያመጣል፤ እምቢ ከተባሉ ካሜራው ወደ ቦርሳ ነው፣ ብር አውጥቶ መደራደር አይደለም። ከግመል ኋላ አይቁሙ፣ ከአፉም ፊት አይቁሙ፤ ከታሰረ በጎኑ ይለፉ። ስልክና ገንዘብ ከፊት ኪስ ይሁን። ሙቀቱ ከደሴ ለመጣ ይከብዳል፤ በሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ይያዝ። ገበያው ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ይደምቃል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሱ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መኪና ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ገበያተኛው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚመለስ ትርፍ የማይጭን አይገኝም።